አናቷን ያጣችው ጥድ

ኻላ ዙበይዳ ልትጥላት ወጥታ ሳትጥላት ወረደች። ደስታዬ ከዚህ ይጀምራል።

ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ ጂዳ ነኝ፤ አክስቴ ሉባባ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ ለትምህርት ቤት ሂጃቤን እያሰርሁ ነበር። ስልኬ ላይ ከመካ፣ ከኩዳይ ሰፈር፣ የድምፅ መልእክት ገባ። ኻላ ዙበይዳ የአባቴ እናት እህት ናት፤ መጻፍ አትወድም፣ ድምፅ ነው የምትልከው፤ ስትናገር ደግሞ ከጀርባዋ ሁልጊዜ የሆነ አውቶቡስ ጥሩምባ ይነፋል። “ያ ነጃት” ብላ ጠራችኝ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ደረጃ ወጥታለች ማለት ነው። “የሕንፃው ባለቤት ትናንት ሰው ልኮ ጣሪያውን ባዶ አድርጉልኝ አለ። እኔም ኸላስ፣ ዛሬ ልገላገላት ብዬ ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ወላሂ ልጥላት ነበር። አልጣልኳትም። ፎቶውን እዪና ደውዪልኝ።”

ፎቶው ደብዝዟል፤ የኻላ አውራ ጣትም ግማሹን ሸፍኖታል። ግን ይታያል። ከግንዱ ቁራጭ፣ መጋዙ ካለፈበት ጠባሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የትንሽ ጣት ቁመት ያላት አረንጓዴ ነገር ወጥታለች። ወደ ጎን አይደለም፤ ወደ ላይ ነው። የሂጃቤን መርፌ በጥርሴ እንደያዝሁ ስጮኽ አክስቴ ሉባባ ከወጥ ቤት ማማሰያዋን ይዛ ሮጣ መጣች። “ማን ሞተ?” አለች። “ማንም አልሞተም፤ የእማዬ ጥድ አቆጠቆጠች” ስላት ማማሰያውን ልታሳርፍብኝ ቃጣች። ከዚያ ፎቶውን አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ አልተነሣችም።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ “ያኔ” እያሉ ማውራት ያስቅ ይሆናል። ግን የተወለድሁበት ሰፈር ዛሬ ሜዳ ነው፤ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ትንሽ ይሸብታል። ድሮ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ነበር የምጽፈው። የእኛን ፊደል እማዬ ነች በጣሪያው አቧራ ላይ በጣቷ እየጻፈች ያስተማረችኝ፤ ነፋስ መጥቶ ሲያጠፋው “በይ እንግዲህ አሁን አንቺ ጻፊው” ትለኝ ነበር። አሁን መጻፍ አልፈራም። ስለዚህ ላውራችሁ።

ያኔ ጂዳ ውስጥ፣ ጃሚዓ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ በነበርንበት መንገድ፣ ዐረብኛ የሚያስፈልገው ከየመኑ ዳቦ ጋጋሪ ጋር ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ያልቃል። ትሚስ የሚሉት ትልቁ ክብ ዳቦ በአንድ ሪያል ይሸጥ ነበር፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሰጡኝ ደረቴ ላይ አስደግፌው እየሞቀኝ ስሄድ ግማሹ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። ጥጉ ላይ የስልክ ሱቅ ነበረ። ባለሱቁ በአምስት ሪያል ሜሞሪ ካርድ ሙሉ መንዙማ ይጭናል፤ ትንሽ ከጨመሩለት ደግሞ ከመንዙማው ሥር የሠርግ ዘፈን ይደብቃል። አክስቴ ሉባባ ቤት መንዙማው ያልቅና ዘፈኑ እንግዳ ፊት በድንገት ይጀምርባታል፤ ስልኩን በቀሚሷ አፍና “አስተግፊሩላህ፣ ይሄ ልጅ ምን ጫነብኝ” ትላለች፤ እግሯ ግን ከቀሚሷ ሥር ይመታል። ጁመዓ ከሰዓት ሴቶቹ ከየሚሠሩበት ቤት ይለቀቃሉ። ጥቁሩን ዐባያ በር ላይ ሲያወልቁት ከሥሩ ያ ሁሉ ቀለም ይወጣል፤ ብርቱካንማ ድሪያ፣ ፈርጥ የተረጨበት ሻሽ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የወጣ ሂና። አስፋልቱ ዳር በርበሬ በፌስታል፣ ሽሮ በፌስታል፣ የባሕር ማዶ ወሬ ደግሞ በነጻ ይታደላል። እነዚያ ሴቶች ዛሬ የት የት እንዳሉ አላውቅም። አንዷ ሪያድ ናት ይባላል፣ አንዷ ቤይሩት፣ አንዷ ሐይቅ ገበያ ላይ ቲማቲም ትሸጣለች ይባላል። “ይባላል” ነው የቀረን።

በቅርቡ ከአክስቴ ሉባባ ጋር በታክሲ በዚያ ስናልፍ ሾፌሩን “እዚህ ጋ ቀስ በል” አልነው። ምን እንደምናይ ጠየቀን። “ቤታችንን” አለችው ሉባባ። ሰውየው በመስኮቱ አጮለቀ፤ የተደለደለ አፈርና አንድ የቆመ መብራት ብቻ ነው ያለው። “የቱ ጋ?” አላት። እሷም ጣቷን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ “እዚያ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ” አለችው። ሾፌሩ መስታወቱን ዘጋና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

እማዬ ትሠራ የነበረው ከዚያ ራቅ ብሎ ባለ ትልቅ ቤት ነው። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን የምለው እማዬ እንድለው ስለምትፈልግ ነው። የእማዬ ስም ከድጃ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን ዓመት ከዓመት “ያ ሐበሺያ” ነበረች። አባቴ የሐጃጆች አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ መልኩን ሳልይዝ ሞተ። የአባቴ ወገኖች አያታቸው ለሐጅ መጥተው በመቅረታቸው መካ የተወለዱ ናቸው፤ ስለዚህ የእኔ ወረቀት ከእነሱ ጋር ነው፤ የእማዬ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ደግሞ ከአሠሪዋ፣ ከከፊሏ እጅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር። ሁለታችንም አንድ ትራስ ላይ ነው የምንተኛው፤ ወረቀት ትራስ ላይ ያለን ሰው ይለያል ብዬ ከየት ላስብ?

አንድ ቀን ማዳም ለሳሎኗ ዛፍ ገዛች። ሻጩ በትልቅ ነጭ መትከያ አድርጎ አምጥቶ ሲያስቀምጣት እማዬ አጠገቡ ቆማ የሚለውን ሰማች። አሮካሪያ ነው ስሟ፤ በሩቅ ደሴት በባሕር ዳር ጫካ የምትበቅል፣ በጋ ክረምት ቅጠሏን የማትጥል፣ አገሯ ላይ ከሚናራ በላይ የምትረዝም ዛፍ ናት አለ። ያኔ ቁመቷ የሕፃን ልጅ ነበር። ቅርንጫፎቿ ዙሪያዋን እንደ ኮከብ፣ እርከን በእርከን ተዘርግተዋል፤ ከመካከል አንድ ቀጥ ያለ አናት ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። እማዬ ኮምቦልቻ በላይ ባለ ገጠር፣ ጥድ በከበበው መስጊድ አጠገብ ነው ያደገችው፤ አባቷም ከዚያ ጥድ ሥር ነው የተቀበሩት። ሰው ዞር ሲልላት የዛፏን ቅጠል በጣቷ አሽታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አልሸተታትም። “ዘመድ መስላኝ ነበር” አለችኝ ማታ ስትመጣ፣ “አንገቷ የጥድ ነው፣ ሽታዋ ግን የማንም አይደለም።” እንደዚያም ሆኖ ጥድ አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት አሮካሪያ ያላት የለም።

የእማዬ የሳሎን ፎቶ የመጣው ያኔ ነው። ማዳም ገበያ ስትወጣ እማዬ ሽርጧን አውልቃ፣ ከዐባያዋ ሥር ለብሳው የሄደችውን አረንጓዴ ድሪያ ታስተካክልና ከዛፏ አጠገብ በወርቃማው ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፤ የምታነሣት እዚያው ቤት የምትሠራው ኢንዶኔዥያዊት ናት። ፎቶው ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። አያቴ በስልክ ትመርቃታለች፤ “ቤትሽን አላህ ያስፋልሽ፣ ልጄ። ያቺ ጥድ ደግሞ እንዴት አማረች፣ በቤትሽ ውስጥ አሳደግሻት?” እማዬ “አልሐምዱሊላህ” ትላለች። ውሸት አልተናገረችም፤ አልሐምዱሊላህ ብቻ ነው ያለችው። ስልኩን ዘግታ ግን ወደ እኛ ክፍል ግድግዳ ትዞራለች። የእኛ ክፍል ጣሪያ ላይ ከውኃ ታንከሮቹ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ዛፏ ብትገባባት እኛ መውጣት ነበረብን።

ያ ሳሎን ለዛፏ አልተስማማትም። ሙከይፉ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቀን ከሌት ሲነፋባት ጫፏ ቢጫ ሆነ፤ ቅርንጫፎቿ ወደ ታች ጠወለጉ። ማዳም በጫማዋ ጫፍ መትከያውን ገፋ አድርጋ “ኸላስ፣ ጣያት” አለች። እማዬ ጣለቻት፤ የጣለቻት ግን ጓሮ በር አጠገብ ነው፤ ሥራ ስትጨርስ አቅፋት ወጣች። ታክሲው አልጭንም ስላላት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጣች። ስትደርስ ፊቷ ሁሉ በቅጠሉ ተቧጭሯል። “እዪ” አለችኝ፣ “አያትሽ እውነቷን ነው። በቤቴ ውስጥ ላሳድጋት ነው።”

አደገች። እንዴት እንዳደገች ብትጠይቁኝ በሙከይፍ ውኃ ነው እላለሁ። የቧንቧው ውኃ ጨው ነበረው፤ የሚጠጣው ደግሞ በገንዘብ ነው። የየክፍሉ ሙከይፍ ግን በቀጭን ቱቦ ንጹሕ ውኃ ያንጠባጥባል። እማዬ ከየቱቦው ሥር ባልዲ ደቀነች። የቢራቢሮ ሥዕል ያለበት የእኔ ባልዲ፣ ሰምን የሚሉት ቅቤ ያለቀበት ቆርቆሮ፣ የአክስቴ ሉባባ የእርጎ ዕቃ። ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ሙከይፉ ይበልጥ ያንጠባጥባል፤ እሷም ያን ጊዜ ነው የሚጠማት። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። “ከድጃ፣ የማንን ልጅ ነው የምታጠጪው?” ይሏታል። “የደሴቲቱን ንጉሥ ልጅ፤ ተሰድዳ መጥታ” ትላለች። ቆይተው እነሱም ባልዲያቸውን ይዘው መውጣት ጀመሩ። ጁመዓ ከሰላት በኋላ ሴቶቹ ጣሪያው ላይ ሲሰበሰቡ እያንዳንዷ በጠርሙስ የቤቷን ሙከይፍ ውኃ ይዛ ትመጣለች። የማዳሟን ውኃ ይዛ የመጣች ደግሞ ትሞገሳለች፤ “ይሄ የሀብታም ላብ ነው፣ ቶሎ ያሳድጋታል” ይባላል። በእርጥብ ምሽት የባሕሩ ሽታ እስከዚያ ድረስ ይመጣል፤ እማዬም የዛፏን ቅርንጫፍ በመዳፏ እያነሣች “ባሕርሽ ይኸውልሽ፣ ምን ጎደለብሽ” ትላታለች። ቢጫው ጠፋ። በየዓመቱ አንድ አዲስ ኮከብ ከአናቷ ይወጣል፤ እማዬም ከእኔ ቁመት ጋር ታስተያያለች። መጀመሪያ እኔ በለጥኋት። ከዚያ እኩል ሆንን። ከዚያ በለጠችኝ፤ ቀጥሎም እማዬን በለጠቻት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሕንፃው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ቃል ተጽፎ አገኘሁ። ትለቃላችሁ ማለት ነው። መንገዱን ሙሉ በየቤቱ ላይ ያው ቃል ነበር፤ የጻፈው ሰው እጁ ደክሞት መጨረሻ መጨረሻው ላይ ፊደሎቹ ተንጋደዋል። የየመኑ ጋጋሪ በመጨረሻው ሳምንት ትሚሱን በነጻ ሰጠ። የስልክ ሱቁ ልጅ የቀሩትን ሜሞሪ ካርዶች ለሕፃናት በተነ።

የኻላ ዙበይዳ ወገኖች ቀድሞ እዚያው መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ነበሩ፤ እነሱም ቤታቸው ፈርሶባቸው ወደ ኩዳይ ወርደዋል። “እኔ ሁለት ጊዜ ፈርሼ ቆሜያለሁ፤ ኑና አብረን እንቁም” ብላ ላከችብን። ጋሽ ይማም የሚባል የሰፈራችን ሰው ወኔት፣ ያቺን ክፍት የጭነት መኪና፣ ይዞ መጣ። አልጋው ወረደ፣ ፍሪጁ ወረደ። ጥዷ ግን አልወረደችም። ስትመጣ በእማዬ ዕቅፍ የወጣችበት ደረጃ አሁን አላዞር አላት። እማዬ ቅርንጫፎቿን በሻሽ ወደ ላይ አስራ ጠቀለለቻት፤ አክስቴ ሉባባ እያየች “ሙሽራ አስመሰልሻት እኮ፣ አጃቢ ብቻ ነው የጎደላት” አለች። ግንዱ ግን አይታጠፍም። ጋሽ ይማም ከታች “ያላ፣ ያላ፣ ፖሊስ ሳይመጣብኝ” ይላል። መጨረሻ ላይ ራሱ ወጣ፤ አየና “ከድጃ፣ ወይ ዛፏ ትቅር ወይ ደረጃው ይፍረስ” አለ። “ደረጃው ሰኞ ይፈርሳል፤ እስከዚያ ትጠብቀኛለህ?” አለችው። ማንም አልሳቀም።

ያን ጊዜ ነው እማዬ መጋዝ አምጡልኝ ያለችው። “ምን አስጨነቃችሁ? ባሕር ዛፍ ስንቆርጥ አይደል ያደግነው? ዛፍ አናቱን ሲቆርጡት ይቆጣል፤ ተቆጥቶ በአንዱ ፈንታ አራት ሆኖ ይመጣል።” ጣሪያው ላይ የነበርነው ሁሉ የባሕር ዛፍ አገር ልጆች ነን፤ የእኔም ቢሆን በእናቴ በኩል ነው። ጋሽ ይማም “እውነት ነው፣ የአባቴ ባሕር ዛፍ ስንቴ ተቆርጦ ስንቴ መጣ” አለ። አክስቴ ሉባባም ራሷን ነቀነቀች። አንድም ሰው ተዪ ያላት የለም። መጋዙን ራሷ ይዛ ከወገቧ ከፍ አድርጋ ቆረጠቻት። አናቷ ከነኮከቦቿ ጋሽ ይማም እጅ ላይ ወደቀ። ከቁራጩ ነጭ ሙጫ ፈሰሰ፤ እማዬ በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ። “ሉባባ፣ ነይ አሽቺ” አለች። “አሁን ሸተተች። ጥድ ጥድ ሸተተች።”

ባሕር ዛፍ አይደለችም። ኋላ ስልኬ ላይ ሳነብ ገባኝ። የእሷ ዓይነት ዛፍ ወደ ላይ የሚወጣው በአንዱ አናቷ ብቻ ነው። የጎን ቅርንጫፎቿ ጎንን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ቆርጣችሁ ብትተክሏቸው ሥር ይሰድዱና ተጋድመው ያድጋሉ እንጂ ቀና አይሉም። አናቷ ከተቆረጠ ከግንዱ አዲስ አናት ሊወጣ ይችላል፤ ላይወጣም ይችላል። እማዬ የተቆረጠውን አናት መካ እንደደረስን በሰምን ቆርቆሮ ተከለችው፤ የኩዳይ ሙቀት በሳምንቱ አደረቀው። ከጎን ቅርንጫፎቿም ሁለት ተከለች። እነሱ ኖሩ፤ ግን መሬት ለመሬት ተዘረጉ። ኻላ ዙበይዳ አየቻቸውና “እነዚህ ደግሞ ለማን ነው ሱጁድ የወረዱት?” አለች። አብሮን ኩዳይ የመጣው ግንድ ግን ዝም አለ። አራት ሆኖ አልመጣም፤ አንድም ሆኖ አልመጣም።

ቀይ ቀለሙ ከተጻፈ ወዲህ ነገር ሁሉ በአንድ ላይ ነው የመጣው። የማዳም ቤተሰብ ሪያድ ሊዛወር ሆነ፤ እዚያ ሌላ ሠራተኛ ይዘዋል። ከፊሏ ለእማዬ ኹሩጅ ኒሃኢ አስመታላት፤ መውጫ ብቻ፣ መመለሻ የሌለው። ማዳም ስትሰናበታት አቅፋ አለቀሰችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ “ያ ኸዲጃ” አለቻት። እማዬ ይህን ስታወራ እንደ ስጦታ ነው የምታወራው። እኔ ስሰማው ይመረኛል፤ ስሟን እያወቀችው ነበር ማለት ነው። እኔ ልቀር ተወሰነ፤ ወረቀቴ የአባቴ ወገን ነው፣ ትምህርቴ እዚህ ነው። ማን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስጠይቅ ኻላ “እናትሽ” ትላለች፤ እማዬ “ኻላሽ” ትላለች፤ ሉባባ ደግሞ “ወረቀቱ” ትላለች። ጂዳ አየር ማረፊያ ላይ እማዬ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ አጥኚ፣ ስገጂ፣ ብዪ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ “ውኃውን ከላይ አታፍስሺባት፣ በሥሯ ነው” አለችኝ። ያለችው ይህን ብቻ ነው። ሻንጣዋን ገፋች፤ ዞር አላለችም። ተቀይሜያት ነበር። በኋላ አክስቴ ሉባባ “ሞኝ፣ ስለ አንቺ ብታወራ አውሮፕላኑ ውስጥ ትገባ ነበር?” አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ትምህርት ሲኖር ጂዳ፣ ሉባባ ኋላ በተከራየችው ቤት ነኝ፣ ጁመዓና ቅዳሜን ኩዳይ ኻላ ጋ። ኩዳይ ጣሪያ ላይ በታንከሩ ጥላ ሥር ያቺ ግንድ ቆማለች፤ እማዬ በዚህ አገር በእጇ ያሳደገችው ከእኔ ሌላ የቀረው እሷ ብቻ ነው። ውኃዋን ከኻላ ሙከይፍ ነው የምቀዳላት። እማዬ ስትደውል ስለ ትምህርቴ ትጠይቃለች፣ ስለ ጉንፋኔ ትጠይቃለች፤ ስለ ጥዷ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አላነሣም። ረስታታለች ብዬ ነበር። ኻላ ደግሞ በመጣሁ ቁጥር “ይሄን ጉቶ መቼ ነው የምታነሺልኝ? ባለቤቱ ጣሪያውን ለሠራተኞች ሊያከራየው ነው፤ የሐጅ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ኸላስ ነው” ትለኛለች። እኔ እለምናለሁ። እሷ “እሺ፣ እስከሚቀጥለው ጁመዓ” ትላለች። ስንት የሚቀጥለው ጁመዓ እንዳለፈ እኔም እሷም አልቆጠርንም። ከዚያ የባለቤቱ ሰው መጣ፤ ሐሙስ ሆነ፤ ከረጢቱን ያዘች።

በማግስቱ ከጁመዓ በፊት ደረስሁ። ደረጃውን እየሮጥሁ ወጥቼ ጣሪያው ላይ ስደርስ ታንከሩ ሥር ባዶ ነው። “ኻላ” ብዬ ስጣራ ከታች፣ ከክፍሏ ውስጥ “እዚህ ናት፣ አትጩሂ፣ ትደነግጣለች” አለችኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኗን ከመስኮቷ ሥር ካለችው ጠባብ ሰገነት አውጥታ መተላለፊያው ላይ ገትራዋለች፤ በእሱ ቦታ ጥዷን አስቀምጣለች። “ጣሪያው የእሱ ነው፤ ይህቺ ሰገነት ግን የኪራዬ ናት። ባለቤቱ ማሽኑ መንገድ ዘጋ አለኝ። አንተ ጣሪያ አጽጂልኝ አልኸኝ፣ አጸዳሁልህ፤ ስለ መተላለፊያው ያልኸው ነገር የለም አልሁት።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ለእናትሽ ደውዪላት። እኔ ሰልችቶኛል።”

“ምኑ ነው የሰለቸሽ?”

“በየሳምንቱ አንቺ ስልክ ስትዘጊ ለእኔ ትደውላለች። ‘ጣልሻት እንዴ? አደራሽን አትጣያት’። ልጅሽን ጠይቂያት ስላት ‘ድምፄን ትሰማብኛለች’ ትላለች። እኔ ልጥላት የምልሽ አንቺ እንድትለምኚኝ ነው፤ ካልለመንሽኝ ትረሻታለሽ ብዬ። ትናንት ግን ወላሂ ጨርሼ ነበር።”

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ደወልሁ። ኮምቦልቻ ላይ እማዬ አያቴ ቤት ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ፣ በግድግዳው ላይ፣ ያ ፎቶ በመስታወት ተከብቦ ተሰቅሏል፤ አረንጓዴ ድሪያ፣ ወርቃማ ሶፋ፣ ትንሽዋ ጥድ። አያቴ እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ “የልጄ ሳሎን” እያለች ታሳያለች አሉ። እማዬም ከፎቶዋ ሥር ቁጭ ብላ “አልሐምዱሊላህ” ትላለች።

“እማዬ፣ እዪ” አልኋትና ስልኩን ወደ ግንዱ አስጠጋሁ። አየች። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ ግንባሯ ብቻ ታየኝ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች።

“ስልኩን አዘንብለሽው ነው” አለች።

“ኧረ ቀጥ አድርጌ ነው የያዝሁት።”

“ጎን የወጣውን ቅርንጫፍ ስልኩን አዙረሽ ቀና አስመስለሽው ነው። ነጁዬ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት አትድከሚ።”

“ወላሂ፣ እማዬ። ኻላ፣ ንገሪያት።” ኻላ “ቀጥ ብላለች፣ እንደ ሚናራ” አለች። እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። “አንቺማ የእሷ ተባባሪ ነሽ። ስሙኝ፣ እኔ ከዚያ አገር ለእናቴ ስንት ፎቶ አዘንብዬ ልኬያለሁ። ሰው ከዚያ የሚልከው ፎቶ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።” ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፎቶው፣ አዞረች። ከዚያ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ “ሙጫ አላት ወይ?” ብላ ጠየቀች። አዎ አልኋት። “ሸተተሽ?” ጎንበስ ብዬ አሸተትሁ። ከኩዳይ አውቶቡሶች ጭስና ከኻላ ሳሙና ሥር፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ሸተተኝ። “ጥድ ጥድ ይላል” አልኋት። ስልኩ ውስጥ የአያቴ ዶሮ ብቻ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ደስታዬ ይኸው ነው፤ እናቴ የማታምነኝ ደስታ። ግብዣው ግን የኻላ ዙበይዳ ነው፤ የእኔ ማድረስ ብቻ ነው። ጁመዓ ከሰላት በኋላ ኩዳይ ብቅ የምትሉ፣ አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ማዶ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ደጁን የዘጋበትን ቤት ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ያለ ውኃ የመጣ አይገባም ብላለች፤ ከየቤታችሁ ሙከይፍ አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ ኑ። የማዳማችሁ ቤትም ከሆነ ይሻላል። ስትደርሱ ለእማዬ ቪዲዮ እከፍትላችኋለሁ። “ቀጥ ብላለች ወይስ ተጋድማለች?” ብላ ትጠይቃችኋለች። ስልኩን እናንተ ያዙት፣ እኔ እጄን ከኋላዬ አደርጋለሁ፤ ያያችሁትን ንገሯት።